ዛፍ ባለበት ግቢ የመዋኛ ገንዳ መሥራትና መንከባከብ፦ ከጣርማ በር በታች ላላችሁ

ሰሜን ሸዋ ላይ የመዋኛ ገንዳ ልሠራ ነው ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ሆኖ የሳቀ ልክ ነው። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እዚያ ያለ ማሞቂያ ገንዳ መቆፈር ገንዘብ መቅበር ስለሆነ አልመክርም። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ግንቦት ላይ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ጥላ ፍለጋ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወይም ልጆች የበዙበት ቤት ገንዳ ቢያስብ አይገርምም።

በዚህ አካባቢ ዛፍ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ማንጎ፣ ኒም፣ ፓፓያ፣ ግራር፣ አንዳንዴም ማን እንደተከለው የማይታወቅ ሾላ አለ። ገንዳ ሠሪው መጥቶ መጀመሪያ የሚለው «ይሄ ዛፍ መነሳት አለበት» ነው። ቶሎ እሺ አትበሉ። በዚያ ሙቀት ጥላ የሌለው ገንዳ ከቀትር በኋላ ማንም አይጠጋውም። ዛፉን ያስቆረጠ ሰው ከዓመት በኋላ ትልቅ ጃንጥላ ሲያፈላልግ ይገኛል። ገንዳውን ማንቀሳቀስ የሚቻለው ወረቀት ላይ እያለ ነው፤ ስለዚህ ቦታውን ዛፉ ይወስን።

ለስሌት እንዲመች አንድ ገንዳ እንያዝ። 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድ፣ በአማካይ 1.4 ሜትር ጥልቀት። 45,000 ሊትር ያህል ይይዛል። የእናንተ ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ ቁጥሮቹን በዚያው ልክ አስተካክሉ።

መጀመሪያ ዛፎቻችሁን እወቁ

ደብተር ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። የእያንዳንዱን ዛፍ ዓይነት፣ የግንዱን ውፍረትና ቅርንጫፉ እስከ የት እንደሚደርስ ጻፉ። ከዚያ ምን እንደሚጥልና መቼ እንደሚጥል ጨምሩ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ሰው የሚፈራው ሥሩን ነው። ገንዳው እስካለ ድረስ የሚያደክማችሁ ግን ቅጠሉ ነው።

ማንጎ ከአበባው ወቅት ውጭ ጨዋ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ትልቅና ጠንካራ ስለሆነ በመረብ በቀላሉ ይነሳል። አበባው ሲረግፍ ግን ውሃው ላይ ደቃቅ ቡናማ ብናኝ ይነጠፋል። ፍሬው ከወደቀ ደግሞ ዝንብ ይጠራል። ኒም በበጋ ቅጠሉን ባንዴ ያራግፋል። እነዚያን ሳምንታት ከቻላችሁት የቀረውን ዓመት ጥሩ ጥላ ነው።

ግራር ያስቸግራል። ቅጠሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በተለመደው መረብ ያልፋል፤ የፓምፑን ቅርጫትም አልፎ ማጣሪያው ውስጥ ይገባል። እሾሁም አለ። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ይወጋል። ግራር ካለ በፕላስቲክ የሚለበጥ ገንዳ ጨርሶ አታስቡ። አንድ እሾህ ላስቲኩን ከበሳው ቀዳዳውን ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ግራቪሊያ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያንጠባጥባል። ጃካራንዳ ለፎቶ ያምራል፤ ወለል ላይ የወደቀው አበባው ግን ያንሸራትታል፣ ንብም ይከተለዋል። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ካደረ ውሃውን የሻይ ቀለም ያስይዘዋል፤ ቅርፊቱም እየተላጠ ይወርዳል። ሾላና ዋርካ ፍሬያቸው ወፍና የሌሊት ወፍ ይሰበስባል፤ የሰበሰቡት ሁሉ ኩሱን የሚጥለው ውሃው ላይ ነው። ሥራቸውም ኃይለኛ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከሩቅ ውደዷቸው።

ከሁሉ የሚሻል ጎረቤት ፓፓያ ነው። ሥሩ ለስላሳ ነው፣ ቅጠሉ ጥቂትና ትልልቅ ነው። ጥላው ማነሱ ብቻ ነው እንከኑ።

ርቀቱን ለኩ

የዛፍ ሥር የሚከተለው እርጥበትን ነው። አብዛኛው ሥር ከላይ ባለው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሆኖ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከቅርንጫፉ ጫፍም አልፎ ሩቅ ይደርሳል። ደህና የታሰረ ኮንክሪትን ግን በስቶ አይገባም። የሚገባው ውሃ በሚያንጠባጥብ የቱቦ መጋጠሚያ፣ በተሰነጠቀ ግድግዳና ዘወትር በሚርስ ሙሊት አፈር በኩል ነው። ስለዚህ ከሥር የሚጠብቃችሁ አንደኛው ነገር የማያፈስ ገንዳ ነው።

ለመካከለኛ ዛፍ፣ ለምሳሌ ለማንጎና ለኒም፣ የገንዳው ጠርዝ ከቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ውጭ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሜትር ይራቅ። ዛፉ ገና የሚያድግ ከሆነ ሲያድግ የሚኖረውን ስፋት አስቡ። ከባሕር ዛፍ ቁመቱን ያህል ብትርቁ ይመረጣል፤ ቦታ ከጠበበ እንኳ ከ10 ሜትር አትጠጉ። ከሾላና ከዋርካም እንደዚያው።

ርቀቱ ካልበቃ የሥር መከላከያ ቅበሩ። በዛፉና በገንዳው መካከል፣ ወደ ገንዳው ጠጋ ብሎ፣ ከ80 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀጭን ቦይ ይቆፈራል። ወፍራም ፕላስቲክ ቁመቱን ይዞ ይገባል። ለኩሬ የሚነጠፈው ጂኦመምብሬን ይሆናል። ጫፉ ከአፈሩ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ይቅር፣ አለዚያ ሥሩ በላዩ ይሻገራል።

ስትቆፍሩ ወፍራም ሥር ካገኛችሁ በዶማ አትቀጥቅጡት፤ በመጋዝ ንጹሕ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከግንዱ ምን ያህል ርቃችሁ እንደምትቆርጡም ለኩ። ከግንዱ ውፍረት አምስት እጥፍ በቀረበ ቦታ አትቁረጡ። ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ 2 ሜትር ማለት ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ከአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ነው የሚሠራው። ወፍራም ሥሮቹን ያጣ ዛፍ ለጊዜው ምንም አይመስልም። የክረምቱ ነፋስ ሲመጣ ግን ከነሥሩ ይገነደሳል፤ የሚወድቀውም ቤቱ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ዛፉ ሥር አትከምሩ። ሥሩን አየር ያሳጣዋል። የቁፋሮ ሠራተኞች ጥላው ሥር መከመር ይቀናቸዋል፤ ቀድማችሁ ቦታ አሳዩአቸው። ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ሌላ የአገር በቀል ዛፍ መቆረጥ አለበት ካላችሁ ከመጋዙ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ፀሐይና ነፋስ

ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ የቀትር መንገዷ በደቡብ በኩል ነው። ታኅሣሥ ላይ ውሃው እንዲሞቅ ከፈለጋችሁ የገንዳው ደቡብ ጎን ክፍት ይሁን። ጥላ የምትፈልጉት ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ዛፉ በምዕራብ በኩል ቢቆም ይስማማል። ጥላው ውሃው ላይ ከሚያርፍ ይልቅ ሰው የሚቀመጥበት ወለል ላይ ቢያርፍ እመርጣለሁ። ዋናተኛው ጥላ አይፈልግም፤ ልጆቹን የሚጠብቀው ሰው ነው የሚፈልገው።

ነፋሱን በእርግጠኝነት የምታውቁት ቆማችሁ ስታዩት ነው። ለተወሰኑ ቀናት ጠዋትና ከሰዓት ቦታው ላይ ትንሽ ጭስ አጭሱና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። በተቻለ መጠን ዛፉ ነፋሱ ከሚመጣበት የገንዳው ጎን አይሁን። ስኪመሩ፣ ማለትም የውሃውን ፊት የሚጠርገው አፍ፣ ነፋሱ በሚሄድበት ጫፍ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ነፋሱ ቅጠሉን እየገፋ ለስኪመሩ ያቀብላል። በተቃራኒው ከተሠራ ቅጠሉ በሌላው ጥግ ተከማችቶ ይሰምጣል፤ ይህን በኋላ ማስተካከል ግድግዳ ማፍረስ ነው።

ቁፋሮና ግንባታ

ፕላኑን ማዘጋጃ ቤት አስጸድቁ። የኮንክሪቱንና የብረቱን መጠን መሐንዲስ ይንደፈው። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ይህ አካባቢ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥም ሩቅ ድረስ ተሰምቷል። በብሎኬት ብቻ ተገንብቶ የተለሰነ ገንዳ እዚህ አይመከርም።

አፈሩን እዩ። የሮቢ ወንዝ ያመጣው አሸዋማ ደለል ሲቆፈር ይናዳል፤ ግድግዳውን አዘንብላችሁ ቆፍሩ ወይም በሳንቃ ደግፉ። ጥቁር ዋልካ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃ የሚጠጣ ትልቅ ዛፍ አጠገብ ደግሞ አንድ ጎን ቀድሞ ስለሚደርቅ ገንዳው ያዘነብላል። ዋልካውን አውጥታችሁ በገረጋንቲ ተኩ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እያረሰረሳችሁ ጠቅጥቁ። የጎርፍ መውረጃ ላይ አትቆፍሩ፤ በጋ ላይ ደረቅ ቢመስልም ሽማግሌዎቹን ጠይቁ።

የተለመደው አሠራር ባጭሩ ይኸውላችሁ። ከሥር የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ በላዩ ስስ ኮንክሪት፣ ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ወለልና ግድግዳ። ፌሮው ባለ 12፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት አቅጣጫ ይታሰራል። የኮንክሪቱ የጥንካሬ ደረጃ ሲ-25 ይሁንና አየሩ እንዲወጣ በቪብሬተር፣ ማለትም በመነቅነቂያ ማሽን፣ ይመታ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ የሚያግድ ጎማ ይግባ፤ ብዙ ገንዳ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ይፈልጋል። ግንበኛው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ቱቦዎቹ ከዛፉ በተቃራኒ ጎን ይሂዱ። መሬት ውስጥ የሚቀበር መጋጠሚያ ባነሰ ቁጥር ሥር የሚገባበት ያንሳል። ከመሸፈናቸው በፊት ውሃ ሞልታችሁ በግፊት ሞክሯቸው፤ ግፊቱ አድሮ ካልወረደ ሸፍኑ።

ቅጠልን በተመለከተ ገና ሲገነባ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የገንዳው ከንፈር ከአካባቢው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ነፋስ መሬት ለመሬት የሚገፋው ቅጠልና ጎርፍ የሚያመጣው ጭቃ እዚያ ይቆማል። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር የማያንሸራትት ንጣፍ ይነጠፍ፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። አብዛኛው ቅጠል ከላይ የሚወድቅ ይመስላል እንጂ ጥሩ ድርሻው በመሬት ተንከባሎ የሚገባ ነው።

አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን፣ በሩም ራሱ የሚዘጋ። አጥሩ አጠገብ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለ አጥሩ የለም ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ በማንጎው ወጥቶ ይገባል። ቅርንጫፉን ቁረጡት። ጥልቀቱን ከ1.5 ሜትር አታሳልፉ። መዋኘት የማያውቅ ሰው በሚበዛበት ቤት ጥልቅ ጎን ጥቅሙ አይታየኝም።

ፓምፕ፣ ማጣሪያና መብራት

ለ45,000 ሊትር በሰዓት 7,500 ሊትር የሚያጣራ ፓምፕ ይበቃል፤ ውሃውን በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ ያዞረዋል። 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአሸዋ ማጣሪያ ይሄድለታል። አሸዋው ተራ የግንባታ አሸዋ አይደለም፤ ታጥቦ የተነፋ፣ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። ዛፍ ያለበት ግቢ ከሆነ ከፓምፑ በፊት ሰፊ የቅጠል ማጥመጃ ቅርጫት ጨምሩ። ፓምፑን ከውሃው ወለል እኩል ወይም ዝቅ አድርጉት። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አየር ስቦ ደረቁን ይዞራል፣ ይቃጠላልም።

መብራት የሚመጣው ሌሊት ከሆነ ሌሊት አሠሩት። ዋናው የሰዓቱ ድምር ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ቀልድ የለውም። ከፓምፑ መስመር ላይ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ፤ ኤሌክትሪሺያኖች አርሲዲ ይሉታል። መሬት የሚገባው ሽቦ ይታሰር። የውሃ ውስጥ መብራት በ12 ቮልት ይሁን። ለድግስ ብላችሁ ዛፉ ላይ የመብራት ሽቦ ከውሃው በላይ አትዘርጉ።

ውሃ መሙላት

ሰፈሩ በፈረቃ ውሃ እየጠበቀ የቧንቧ ውሃ ከፍቶ ገንዳ መሙላት ከጎረቤት ያጣላል፤ ቢያጣላም አይፈረድባቸውም። የራሳችሁ ጉድጓድ ከሌለ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ አምስት ምልልስ አስቡ። ውሃው ከየት እንደተቀዳ ጠይቁ። ከወንዝ ከሆነ ደለሉ ማጣሪያውን ይዘጋል። የጣሪያ ውሃም ይረዳል፤ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,000 ሊትር ገደማ ነው። ዛፍ ስር ያለ ጣሪያ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ዝናብ ድፉት፤ ቅጠልና የወፍ ኩስ ነው የሚያወርደው።

በቆላው ሙቀት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን ከዚህ ገንዳ 160 ሊትር ይጠፋል። ስምንት ጀሪካን መሆኑ ነው። መተኑ ነው ወይስ ማፍሰሱ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ ደረጃው ላይ አስቀምጡ። የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ ልክ አስምሩ። ፓምፑን አጥፍታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። ገንዳው በልጦ ከወረደ ያፈሳል፤ ያንን ሳትውሉ ሳታድሩ ፈልጉት፤ የሚፈሰው ውሃ ሥሩን እየጋበዘ ነው።

የየቀኑ ትግል፦ ቅጠል

ውሃ ላይ የወደቀ ቅጠል መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲጠጣ ይሰምጣል። ሲንሳፈፍ በመረብ አንድ ጊዜ በመጥረግ ይነሳል። ከሰመጠ በኋላ ወለሉን ቀለም ያስይዛል፣ ይበሰብሳል፣ ክሎሪኑን ይበላል፣ ለአልጌ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ መጥረጊያው ሰዓት አለው። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ ሲል አንዴ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የስኪመሩንና የፓምፑን ቅርጫት በየቀኑ አራግፉ። ግራር ያለባችሁ ሰዎች አሮጌ የሴት ስቶኪንግ በስኪመሩ ቅርጫት ላይ አልብሱት። ያንን ደቃቅ ቅጠል ይይዛል፣ ውሃውንም ያሳልፋል። ሲሞላ አጥባችሁ መልሱት።

የሚያዋጣው ትልቁ ነገር ግን መሸፈኛ ነው። ለገንዳ ተብሎ የሚመጣው ውድ ነው። ለችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው የጥላ መረብ ሥራውን ይሠራል። ገንዳውን በሁሉም ጎን ግማሽ ሜትር አልፎ እንዲወጣ ሰፍታችሁ ጠርዙ ላይ ገመድ አስገቡ፣ ንጣፉ ላይ በተተከሉ ቀለበቶች ወጥሩት። ከውሃው በላይ መወጠር አለበት፤ ከረገበ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ማታ ማታ፣ ኒሙ በሚያራግፍበት ወቅት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሸፍኑ። ጥላው ትነቱንም ይቀንሳል። አንድ ነገር አደራ፦ ይህ መረብ ሰው አይሸከምም። ልጅ ይረግጠዋል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ የአጥሩ በር ይቆለፍ።

ገንዳው ላይ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ በበጋ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ከርክሙ። የደረቀውን መጀመሪያ አንሱ። የዛፉን አናት ግን አትቁረጡ፤ ከተቆረጠው ላይ የሚወጣው ብዙ ቀጭን ቅርንጫፍ ደካማ ስለሆነ በኋላ እየተገነጠለ ይወድቃል።

ወለሉ ላይ ቡናማ የቅጠል ምልክት ከቀረ የክሎሪን ዱቄት በትንሹ እላዩ ላይ ጣል አድርጋችሁ በብሩሽ ፈግፍጉት። ከደበዘዘ የቅጠል ነበር። ካልደበዘዘ ምናልባት ከጉድጓድ ውሃ የመጣ ብረት ነው፤ የቫይታሚን ሲ ክኒን ብታሹበት የሚለቅ ከሆነ ብረት መሆኑን አወቃችሁ። በላስቲክ የተለበጠ ገንዳ ላይ ግን ዱቄቱን አትጣሉ፤ ቀለሙን ያነሳዋል።

ኬሚካሉ

የመለኪያ ኪት ግዙ። ያለ እሱ ኬሚካል መጨመር በጨለማ ጨው እንደመጨመር ነው። ሁለት ነገር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይለካል። ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ከ7.2 እስከ 7.6። ፒኤች ችላ የሚሉት ብዙ ናቸው። ነገር ግን 7.5 ላይ ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ነው ጀርም የሚገድለው፤ 8 ላይ ሩቡ እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ፒኤች ከፍ ብሎ ክሎሪን የሚጨምር ሰው ብሩን ነው የሚያሟሟው።

የተለመደው ዱቄት 65 በመቶ የሆነው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ለ45,000 ሊትር 140 ግራም ያህሉ ክሎሪኑን በ2 ሚሊ ግራም ከፍ ያደርጋል። በባልዲ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ማታ ጨምሩ። ቀን ከጨመራችሁ የቆላ ፀሐይ አብዛኛውን በሰዓታት ይወስደዋል። ለዚህ ነው ማረጋጊያ የሚባለው ሳያኑሪክ አሲድ የሚያስፈልገው። ሲጀመር 1.35 ኪሎ ለዚህ ገንዳ 30 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከ50 አታሳልፉት። ዱቄቱ ከገበያ ከጠፋ መዓዛ የሌለው ተራ በረኪና ለጊዜው ያገለግላል። 5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር በረኪና ለዚህ ውሃ 1 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። የቆየ በረኪና ኃይሉ እንደሚቀንስ አስታውሱ።

ዛፍ ያለበት ገንዳ ከሌላው የበለጠ ክሎሪን ይበላል። ትልቅ ነፋስ ወይም ዝናብ ካለፈ በኋላ በማግስቱ ሳትለኩ ሰው አታስገቡ። የወፍ ኩስ ስታዩ በመረብ አንሱ፣ ክሎሪኑን ለኩ፣ መረቡንም እዚያው በክሎሪን ውሃ እጠቡ።

ፒኤች ቶሎ ቶሎ የሚዋዥቅ ከሆነ አልካላይኒቲው፣ ማለትም ውሃው ፒኤቹን አጽንቶ የመያዝ አቅሙ፣ ዝቅ ብሏል። በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። ቤኪንግ ሶዳ ይበቃዋል። ለዚህ ገንዳ 750 ግራም በ10 ከፍ ያደርገዋል።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን አይጣሱም። ኬሚካሉን ውሃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃ ኬሚካሉ ላይ አታፍስሱ። ክሎሪን ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ዱቄቱንና የክሎሪን ክኒኑን በአንድ ማንኪያ እንኳ አትዝገኑ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እሳት ሊነሳ ይችላል። ከቤንዚን፣ ከዘይትና ከማዳበሪያ አርቃችሁ ደረቅ ቦታ ቆልፉባቸው።

የማጣሪያው የግፊት መለኪያ ንጹሕ ሳለ ከሚያሳየው በግማሽ ባር ከፍ ሲል ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ አሳልፋችሁ እጠቡት። ግራር ስር ይህ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። የታጠበውን ውሃ ቀጥታ ዛፉ ሥር አትልቀቁ። ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ክሎሪኑ ይጠፋል።

ክረምት፣ ትንኝና አረንጓዴ ውሃ

ሐምሌና ነሐሴ ገንዳው ዕረፍት ላይ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ውሃውንም አታውጡት። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ ሲል ባዶ ገንዳ ከሥር ተገፍቶ ይነሳል፣ ይሰነጠቃል። ማጽዳት ካለባችሁ በጋ ላይ ጨርሱ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መትረፊያ ቱቦ ክፍት መሆኑን እዩ። ዝናቡ ክሎሪኑን ያቀጥናል፣ ስለዚህ ከከባድ ዝናብ በኋላ ለኩ። ነጎድጓድ ሲሰማ ሁሉም ከውሃው ይውጣ፤ ዛፉ ሥርም አይጠለል።

የሸዋ ሮቢት ሰው ወባን ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ክሎሪን ያለውና የሚንቀሳቀስ ውሃ ትንኝ አያራባም። ችላ የተባለ ገንዳ ግን ያራባል። ከእንቁላል እስከ ትንኝ በሙቀት አንድ ሳምንት አካባቢ ሊበቃው ይችላል። ፓምፑ ከተበላሸ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ መፍትሔ አግኙለት። በመሸፈኛው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ፣ የአበባ ማሰሮውን፣ የዛፉን ግንድ ቀዳዳ ሳይቀር እዩ። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ተገኝቷል፤ ጉዳዩ የገጠር ረግረግ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሃው አረንጓዴ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ክኒን እየጨመራችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያለውን ቅጠል በሙሉ አውጡ፤ ቅጠል እያለ የሚጨመር ክሎሪን ቅጠሉን ነው የሚዋጋው። ፒኤቹን ወደ 7.2 አውርዱ። ግድግዳውንና ወለሉን በብሩሽ ፈግፍጉ። ፀሐይ ስትጠልቅ 700 ግራም ዱቄት አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ይህ 10 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፓምፑ ሳይቆም ይሥራ፣ ማጣሪያውም ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይታጠብ። ጠዋት ክሎሪኑ ከጠፋ ማታ ድገሙት። ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ደመናማ ግራጫ ይለወጣል፤ አልጌው ሞቷል ማለት ነው፤ የቀረው ማጣራት ብቻ ነው። ክሎሪኑ ወደ 3 ወርዶ፣ ከጠርዙ ላይ ቆማችሁ ጥልቁ ቦታ ወለል ላይ የተጣለች ሳንቲም ጎልታ ስትታያችሁ ልጆቹን ጥሩ።